ያቆጠቆጠው ዓምድ

ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፣ ባረጀው አዳራሽ፣
ሃያ ሁለት ዓመት እኔ ነኝ አስታዋሽ።
በመጋረጃ ጥግ፣ በትንሽ ባትሪ፣
ቃል ለጠፋው ሁሉ ቃል አበዳሪ።

ዘንድሮ በሐምሌ የግሪክ ጉድ መጣ፤
በገዛ ምኞቷ ንግሥት ስትቀጣ።

እንዲህ ነው ነገሩ፦ የጥንቶቹ ሰዎች
ሥጋ ሲንቀለቀል "ሥጋ" አይሉም፤
ማዕበል ይጠራሉ፣ ማጭድ ያልነካው መስክ፣
ቀንበር የጣለ ወይፈን፣ ቀፎ የከዳ ንብ።
አልጋ ማለት ሲያምራቸው እርሻ ያሳያሉ፤
መሳም ማለት ሲያፍሩ መብረቅ ያወርዳሉ።

ትርሲት ናት ንግሥቷ። አንዱ መስመር ላይ ቆመች፦
"ባሕር ተነሣብኝ" ይላል።
"ባሕር አይቼ አላውቅም" አለች።
ዳይሬክተሩ እጁን አወናጨፈ፣ "እንዲህ!" አለ፣ "እንዲህ!"
(እሱም ጉለሌ ነው ያደገው።)

ያኔ ነው ከጥጌ፣ ሳልጠየቅ፣ ሹክ ያልኳት፦
"ባሕር ዛፍን አስቢ። ስሙን ከየት አመጣው?
ሌሊት ነፋስ ሲገባበት ከእንጦጦ በኩል
ያን ድምፅ ሰምተሽ የለ?
ከሥሩ ሣር አያበቅል፣ ምንጩን ጠጥቶ ይጨርሳል፤
ትቆርጪዋለሽ፣
ከጉቶው ያቆጠቁጣል።"
አልኩና ደነገጥኩ።
ማን ነገረኝ ይህን፣ በሃምሳ አንድ ዓመቴ?

ናሁሰናይ ሰምቶኛል፤
መልእክተኛው፣ የሞት ወሬ ይዞ የሚገባው ልጅ።
ቃል ሲጠፋው ወደ እኔ የሚያዘነብለው አንገቱ
ዝናብ ዝናብ ይሸታል፣ የረጠበ ሹራብ።
ሆን ብሎ ይረሳ እንደሆን እንጃ።
እኔ ግን ሆን ብዬ እዘገያለሁ፣
አንድ ትንፋሽ ያህል፣
ትንሽ ይበልጥ እንዲጠጋ።

የቤተ መንግሥቱ ዓምዶች የመርካቶ አጣና ናቸው፤
ልጣቸው ሳይላጥ ኖራ የተቀቡ።
ጣራው ያፈሳል።
ነሐሴ ሲጋመስ ሦስተኛው ዓምድ ኖራውን ሰነጠቀ፤
ሁለት ቅጠል፣ ቀላ ያሉ፣
የሕፃን ጆሮ የሚያህሉ።

ሰው ሁሉ ሳቀ።
"ንቀሉት" አለ ዳይሬክተሩ፣
"ግሪክ አገር ባሕር ዛፍ አልነበረም!"
አናጺው አቶ ጉግሳ ቢላውን አወጣ።

ሃያ ሁለት ዓመት ከሹክሹክታ ያላለፍኩት ሴትዮ
ተነሥቼ ቆምኩ።
"ተዉት!"
ድምፄ የኋላ ወንበር ድረስ ሄዶ፣
የማላውቀው ሆኖ ተመለሰ።
ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ብቻ ያወራል።

ናሁሰናይ ዞሮ አየኝ።
ተራው ነበር፤ ቃሉን ረሳ።

አላስታወስኩትም።