አርባ ደቂቃ

አራት መነጽሮች ከነሣጥናቸው መጡ፣
ለአርባ ስምንት ልጆች በተራ እንዲሰጡ።
መመሪያው ይናገራል በደማቅ ቀለም፣
«ትምህርት የሚያቋርጥ ልጅ ከዚህ ወዲያ የለም!»

ሳቄ መጣ። ሃያ ዓመት ናቮታስ የኖርኩት፣
ጨው በበላው ግንብ ሥር መዝገብ የገለጥኩት፣
«አቤት» ያላለውን በቀይ የሰረዝኩት
እኔ ነኝ።
በየዓመቱ ሰኔ ላይ አርባ ስምንት፤ ታኅሣሥ አርባ አንድ፤
መጋቢት ሲገባ ሠላሳ ከምናምን።
የዓሣ ወደቡ ይቀንሳል፤ እኔ እጽፋለሁ የቀረውን።

ጆቬን መጨረሻው ወንበር፣ በመስኮቱ በኩል፣
ዐሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ትከሻው ግን እኩል
ከአባቱ ትከሻ።
እኩለ ሌሊት ላይ ጨረታው ሲከፈት፣
ነጋዴው ዋጋውን ጆሮ ላይ ሲተፋበት፣
ገንዳ ይጎትታል በረዶ የሞላበት።
ሲነጋ ይመጣል፣ ቅርፊት እጁ ላይ፣
ዓይኑ እንደ ሸቀጡ፣ ተከፍቶ የማያይ።
(ዴስክ ላይ የተኛ ልጅ ቆሞ ይማራል፤
ደንቡ የኔ ነው። ግድግዳው ላይ ተጽፏል።)
ሦስት ቀን ይመጣና ሁለት ሳምንት ይጠፋል።

ተራው ደረሰ፣ ማክሰኞ ከሰዓት።
የሰው ልብ ነበረ የዕለቱ ትምህርት፦
መነጽሩን ያጠለቀ በደም ሥር ይገባል፣
በሩ ሲከፈት ያልፋል፣ ሲዘጋ ይጠብቃል።
ሊዋይዋይ ጮኸች፣ «ወሰደኝ እኮ ደሙ!»
ሁለት ወንዶች ልጆች ወንበር ይዘው ቆሙ።
ጆቬን ግን ጸጥ አለ። አልተነቃነቀም።
አምስት ደቂቃ፣ ዐሥር፣ እጁን አላነሣም።
ታብሌቴ ላይ መስመሩ አረንጓዴ ሆነ፣
«ትኩረት፣ መቶ በመቶ» እያለ ገነነ።
ሌላ ልጅ ሲጠጋው እጄን አወዛወዝኩ፣
«ተዉት» አልኩ፣ «ተዉት»፣ ዕንባ እየጠረግሁ፤
ሃያ ዓመት ጠብቄ አንድ ልብ ማረክሁ!

ከዚያ አንኮራፋ።

ቀጭን ድምፅ ነበረች፣ ጭጋግ ውስጥ እንዳለች ጀልባ፣
ሞተሯ እየተንተባተበ ወደብ ልትገባ።
ማሽኑ አንገት እንጂ ዓይን አይለካም ለካ።

ክፍሉ ሊስቅ ሲል ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ።
ሳቃቸውን ዋጡት። ስንቶቹ ያንን ሌሊት እንደሚያውቁት ያኔ አወቅሁ።
እቤቱ አንድ ምንጣፍ ላይ ስድስት ሆነው ያድራሉ፤
ለሱ ቦታ የሚለቀቀው ደወል ስንደውል ነው አሉ።
ተኛ፣ በሰው ልብ ውስጥ፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ።
ከመነጽሩ ጠርዝ ሥር ቀይ ብርሃን ያፈተልካል፣
አገጩ ላይ ቦግ ይላል፣ እልም ይላል።

ማታ ሪፖርቱን ጻፍኩ።
«የተማሪ ስም፦ ጆቬን። የተሳትፎ ጊዜ፦ አርባ ደቂቃ።
አስተያየት፦» — እስክሪብቶዬ ደረቀ፣ እኔ ሳልበቃ።
ኋላ፣ «ልብ ብሏል» አልኩ። ማኅተም አሳረፍኩ።
አልዋሸሁም። እውነቱን ግን አልጻፍኩ።

ረቡዕ መጣ። ሐሙስ መጣ። በማግሥቱም መጣ።
ለምን እንደሚመጣ እኔም እሱም እናውቃለን፤
የክፍሉ ልጆች ተራቸውን አንድ በአንድ ሰጡልን።

በሦስተኛው ሳምንት ማንኮራፋት የለም።
እጁ ተነሣና አየሩን ዳሰሰ፣
የማላየውን በር በጣቱ አበሰ።
«መምህርት» አለ፣ መነጽሩን ሳያወልቅ፣
«ይሄ ነገር የሚተኛው መቼ ነው?»

መጽሐፉ ውስጥ አለ፤ ሃያ ጊዜ አስተምሬዋለሁ።
እንደ ዓሣ ነጋዴ ወደ ጆሮው ዝቅ አልኩ፣
ዋጋውን ነገርኩት፦
«በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መሃል። ትንሽ ነው። ግን አይዘለውም።»
ረጅም ዝምታ።
«ትንሽ ነው» አለ።

ጥር ላይ መነጽሮቹን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ወሰዱ፤
ውጤታችን ጥሩ ስለሆነ ነው ተባለ፣ እነሱ እንደፈረዱ።
ግድግዳው ላይ የነበረውን ደንብ ቀደድኩት።
ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አሁን ምንጣፍ አለ፤
ሪፖርት ላይ የለም፣ ማንም አልጠየቀ።

ጠዋት ስም እጠራለሁ፣ ቀዩን እስክሪብቶ ይዤ።
«ጆቬን» እላለሁ።
አንዳንድ ቀን ወንበሩ ዝም ይላል።
አንዳንድ ቀን ከቁም ሣጥኑ ጀርባ፣
ከእንቅልፉ ሳይነቃ፣
«አቤት» ይላል።