ከታላቅ አክብሮት ጋር

«ስንት ሰዓት ነበር?» አልኳት ገና ከበሩ፣
«እጁ የዛለበት፣ የከዳው ከንፈሩ?»
«እግዜር ይማረው»ን እንኳ ዘልዬ፣
ሰዓቱን ንገሪኝ፣ ሰዓቱን ብቻ ብዬ።

«ሦስት ተኩል ነው፤ ልደታ ፍርድ ቤት በር
ከጃንጥላው በታች ይጽፍ ነበር፤
የሰው ማመልከቻ አጋምሶ ሳለ
እስክሪብቶው ወደቀ፤ አነሣው፤ ደግሞ ጣለ።
ምች ነው ተባለ፤ ዳማከሴ መጣ፤
ጨመቁለት፤ በቀኝ አፉ ተመልሶ ወጣ።
ኋላ ታክሲ ለምነን፣ ሜክሲኮ ተዘግቶ…»
አልጨረሰችውም።

የጥቁር አንበሳ ግድግዳ ሰዓት ስምንት ከሩብ ይላል።
መዝገቡ ላይ በፈረንጅ አሰፈርኩት፣ ስድስት ደምሬ።
መደመሩ ቀላል ነው፤
ያለፈውን አራት ሰዓት ከአርባ አምስት
መቀነሱ ነው ያቃተኝ።

ፎቶው መጣ፤ በግራ በኩል፣ ቃል በሚኖርበት፣
ሐምሌ የገባ ይመስል ደመና ወርዶበት።

በአራተኛው ቀን ጋሽ አጥናፉ አፍ ፈታ።
«ውኃ ልስጥህ?» አለችው ስንዱ በዝግታ፤
«ከታላቅ አክብሮት ጋር» አላት።
«ያምሃል?»
«ከታላቅ አክብሮት ጋር።»
«ይቺ ማን ናት?» አልኩት ሚስቱን እያሳየሁ፤
ዐይኑ ሲሞላ፣ ጉሮሮው ሲታገል አየሁ፤
ሦስት ፊደል ነው ስሟ፣ እንደ ቋጥኝ ከበደው፤
ያንኑ ሐረግ ብቻ ምላሱ ወለደው።
የአጎራባች አልጋው ታማሚ ሳቀ፤ ስንዱም ሳቀች፤
ቀጥላ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቀጠቀች።

ሠላሳ ዓመት የሰው በደል፣ የሰው ይግባኝ
የቋጨባት መዝጊያ ናት።
የረጋው ደም እንደ ሌባ ቤቱን ሁሉ ዘርፎ
ይቺን ደጃፍ ጥሏት ሄደ፣ ምን ታወጣለች ብሎ፣ አልፎ።

በሰባተኛው ወር በከዘራ መጣ፣
ቀኝ ጫማው አስፋልት እየጫረ
የቸርችልን ዳገት በእግሩ ወጣ።
ንግግር የምታስተምረን ልጅ ከለቀቀች ቆየች፤
ክፍሉ አለ፣ መስታወቱ አለ፣
ወንበሯ ላይ የሰው ካፖርት ተሰቅሏል።
ስለዚህ እኔው ጻፍኩ፣ ምሳዬን ትቼ፦
«ለሰው ኃይል አስተዳደር ጽህፈት ቤት…
ጉዳዩ፦ ባለሙያ እንዲመደብልን»፤
አነበብኩለት፣ ጉልበቱ ላይ ዘርግቼ።

ራሱን ነቀነቀ። አይሆንም።
የግራ ጣቱ ወረቀቱ ላይ ተንፏቀቀ፤
«ጽህፈት» ላይ ደርሶ ቆመ።
እስክሪብቶዬን ቀማኝ፤
በዚያ ባልለመደው እጅ፣ እንደ የኔታ ተማሪ፣
መስመሩ እየተንቀጠቀጠ፣ ከላይ ደረበበት፦
ሕ።
ሐመሩ ሐ!
አሥራ ሁለት ዓመት የሰው አንጎል ስማር
እንዲህ ያረመኝ የለም።

የመጨረሻውን መስመር ሆን ብዬ ባዶ ትቻለሁ።
አየው። እኔን አየኝ።
ከዚያ ወደ ስንዱ ዞረ።

«ስ…» አለ።

ኮሪደሩ ላይ የካርድ ቁጥር ይጠራሉ፤
አንድ ሰው «አቤት» ይላል፤
ጠበቅን።
ስንት ሰዓት እንደጠበቅን
መዝገቡ ላይ የለም።