ጥጥ

ሰኞ፣ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ፤ በጅሬን በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፣
የርዕሰ መምህሩ ስልክ ጠፍቷል፣
አባ ዲጋ የግቢውን በር በሰንሰለት አስሯል።
«የወሰደው ከዘጠነኛ ‹ለ› ነው» ተብሏል።
ማን አለ? አይጠየቅም፤
«ተብሏል» ምስክር አያሻውም።

የወንዶቹ ኪስ ተራገፈ፣ አለቀ።
«ሴቶቹን አንቺ፤ እንደ እናት ነሽ» አሉኝ፣
በሩን ተደግፈው እያዩኝ።
እንደ እናት ተነሳሁ፣
እንደ ኬላ ጠባቂ ዞርኩ።

ሲገለበጥ ሁሉም ቦርሳ የየራሱ ድምፅ አለው።
ከናዚፋ፦ በጥርስ የተገመሰ አቮካዶ፣
ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ፣
ከአጂፕ እስከ ኮቺ የባጃጅ መሳፈሪያ።
ከትርሲት፦ ባለፈው ወር የጠፋኝ የራሴ ቀይ እስክሪብቶ።
አየችኝ። እንዳላየ ሰው
ከደብተሯ መሐል መለስኩት።
ከአንዷ ደግሞ ጨርቅ፣ አራት እጥፍ የታጠፈ፣
ለወሩ ቀን የተያዘ።
ከኋላ ወንዶቹ ሳቁ።
«ዝም በሉ!» አልኩ።
ለእነሱ ይሁን ለገዛ እጄ፣ እስካሁን አልለየሁም።

ሲቲና በመስኮቱ ጥግ፣ አራተኛው ረድፍ ላይ፤
ቦርሳዋን አልያዘችም፣ አልለቀቀችም፤
ማንገቻውን በሁለት ጣት ብቻ ነካ አድርጋ ቆማለች፣
የታማሚ የደም ሥር እንደምትቆጥር።
ከሒሳብ መጽሐፉ ሥር ካልሲ፣
ከካልሲው ውስጥ ብልቃጥ፣
ላዩ ላይ የነበረው ወረቀት በጥፍር ተፍቆ።
ነቀነቅኩት፤ ትንፍሽ አላለም።
የሞላ ብልቃጥ እንዴት አይንኳኳም?
ክዳኑን ፈታሁ። ጥጥ።
በሩ ላይ ያሉት ሰውዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።
ጥጡን ሳብኩት፣

ክኒኖቹም ዴስኩ ላይ ወረዱ፣
በቆርቆሮ ጣራ ላይ እንደ ሰኔ በረዶ ተንጣጡ።
ሃምሳ ስምንት ተማሪ ሰማ።
አንዱ «የምን ነው?» አለ፣ ሌላው በጆሮው ነገረው፤
በክፍል ውስጥ ከደወል ይልቅ
የሚሰማው ሹክሹክታ ነው።

እሷ አላለቀሰችም። መልቀም ጀመረች፣
ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ አንድ በአንድ እየቆጠረች።
ሃያ ሦስት ላይ ቆመች።
አንድ ይጎድላል።
ከወንበሩ ሥር አየች፣ ከዴስኩ እግር ሥር አየች፣
ከዚያ ወደ ጫማዬ።
እግሬን አነሳሁ።
እዚያ ነበረች፤ የአዌቱን ጭቃ ለብሳ።
አነሳቻት፣ በዩኒፎርሟ ጠርዝ ጠረገቻት፣
ከእህቶቿ ጋር ቀላቀለቻት፤
«አመሰግናለሁ፣ ቲቸር» አለችኝ።

ስልኩማ ከሰዓት ተገኘ፤
በተቀደደ ኪስ ሾልኮ
በራሳቸው ኮት ገበር ውስጥ ተኝቶ ኖሯል።
መምህራን ማረፊያው በሳቅ ተናጋ።
እኔም ለወጉ ጥርሴን አሳየሁ።
በማግስቱ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው
የስፖርት ውድድር መርሐ ግብር ነበር።

ማክሰኞ አልመጣችም። ረቡዕም።
«አጋሮ፣ አክስቷ ጋ ሄዳለች» አለች ናዚፋ፣ ዓይኗን ሰብራ።
ስም ስጠራ አሁንም እጠራታለሁ፣
ማንም «የለችም» አይልም፤
ሁሉም ዴስኩን ያያል። እኔም ዝቅ ብዬ
ከስሟ ፊት ነጥብ አደርጋለሁ፣
የቀረችም የመጣችም የማይመስል ነጥብ።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ እሱን ልናገርና ይብቃኝ።
የእኔን ቦርሳ ማንም አልፈተሸም።
ቢፈተሽ፣ ከፈተና ወረቀቶቹ ሥር፣ በሻሽ ተጠቅልሎ፣
ጥጥ ይገኝ ነበር፤
ከክዳኑ ሥር ሁለት ዙር፣ ከታች አንድ፣
ባጃጁ በመንቲና ኮረኮንች ሲንገጫገጭ
እንዳይናገር።

ብልቃጧ ዝም ስትል ነው ያወቅኩት፣
ክዳኑን ሳልፈታ።
ብተወው፣ «ለምን ተውሽው?» ይሉኝ ነበር፤
ከዚያ፣ «እንዴት አወቅሽ?»

እያወቅኩ ሳብኩት።