ሁለት ቀዳዳ

ላ ቴሃ፣ ከነዳጅ ማጣሪያው አጠገብ፣
የኤቫሪስቶ ጋራዥ አያውቅም የጊዜ ገደብ።
አንዲት ሞሪስ ነበረች፣ የሠላሳ ስምንት ምርት፣
ሆዷ እንደተከፈተ አለፋት ሁለት ክረምት።

ሽማግሌው ደብተር አለው፣ ጠርዙ በግራሶ የራሰ፤
የቱ ዕቃ የት እንደነበር፣ ማን ነቅሎ ማን እንዳፈረሰ
ይጽፍበታል በእርሳስ።

«ይሄ ብሎን አይሆንም፤ አናቱ መስቀለኛ ነው፤
የሷ ዘመን አንድ ጭረት ነው፣ ካቻቪቴህን ቀይረው።
ይሄ ሽቦ ፕላስቲክ ለብሷል፤ ክር ነበረ ልብሷ፤
ፈልገህ አምጣላት፣ ባዳ እንዳትሆን ለራሷ።»

ባትሪዋ ስድስት ቮልት፣ መብራቷ እንደ ሻማ፤
«አሥራ ሁለት እናድርጋት» ብዬ ብለምን፣ ማን ሰማ?
«የዚያን ጊዜ ማታ» አለኝ፣ «የሚታየው ይህን ያህል ነው፤
ከዚህ አብልጠህ ካየህ፣ ያየኸው ሌላ ማታ ነው።»

መሪዋም በቀኝ ነው።
በአርባ አምስት፣ በአንድ ሌሊት፣ አገር መንገድ ሲቀይር፣
ግራ ሲሄድ የኖረ ሁሉ ቀኙን ይዞ ሲያድር፣
ስንቱ ተገለባበጠ! እሷ ግን እንደጸናች፣
መንገዱ ጥሏት ቢሄድ፣ መሪዋን ሳትቀይር ቀረች።

ቀለም መፋቅ የኔ ድርሻ።
ላዩ ግራጫ፣ ሥሩ አረንጓዴ፣ ከሱም ሥር ስቱኮ፣
ከስቱኮው ሥር ድቅድቅ ሰማያዊ፤ ቆዳዋ እሱ ነው እኮ!
ኤቫሪስቶ ኮፍያውን አወለቀ፤ ቃል አልወጣውም።

ኩሩስኮቶው ላይ ግን፣ ከፍጥነት መቁጠሪያው ግርጌ፣
ሁለት ቀዳዳ ነበረ። «ፋብሪካው አያውቃቸው፣
ድፈን» አለኝ። ደፈንኳቸው፣
ሦስት ቀን ሙሉ ሞርጄ፣ እንደ መስታወት አድርጌ።

ቅዳሜ ባለ መኪናዋ መጣች፣ ኔሊዳ፣ ሰባ ያለፋት፤
እጇ ሳታዘው ሄደ፣ ዳሰሰ፣ የለመደውን አጣ።
«የእናቴ መስቀያስ?» አለች።

«አዋላጅ ነበረች እናቴ። በካኔሎኔስ ጭቃ
ሌሊት ሲመጡ ሊጠሯት፣ እኔን በብርድ ልብስ ጠቅልላ
ከኋላ ታጋድመኝና፣ ቦርሳዋን እዚህ ትሰቅላለች።
መንገዱን የማውቀው ቦርሳው ሲወዛወዝ ነው፤
ወደ ግራ ካዘመመ ድልድዩ፣
ወደ ቀኝ ከሆነ የወፍጮው ቁልቁለት።
ልጅ ሲወለድ አላየሁም፤ ያየሁት ያንን ቦርሳ ነው።»

«ሠላሳ ስምንት ናት» አለ ኤቫሪስቶ፣ ድምፁ ግን ሳሳ።
«ለፋብሪካው ነው» አለች፣ ዓይኗን ከቦታው ሳታነሳ፣
«ለእኔ ሃምሳ አንድ ናት።»

ሰኞ ማለዳ የእጅ መሰርሰሪያ አቀበለኝ፤ «ብሳ!»
የቱ ጋ? ምልክቱን እኔው በእጄ አጥፍቼዋለሁ።
ክንዱን ከጀርባው ሰድዶ፣ ዳበሰ ዳበሰና ሳቀ፦
«ከውስጥ አልሞረድከውም፤ ስንፍናህ ዛሬ ጸደቀ።»

መስቀያ ገዝቼ መጣሁ፤ ወረወረው።
«ኒኬል! በሃምሳ አንድ፣ የገጠር አዋላጅ፣ ኒኬል?»
ከደብተሩ አዲስ ገጽ ገልጦ፣ ዓመቱን ከላይ ጻፈው፤
አራት እሑድ ሙሉ በትሪስታን ናርቫሃ ገበያ
በቁልፍ ክምርና በዛገ የበር እጀታ መሃል ዋለ፣
ጫፉ የጎበጠ የናስ መስቀያ በመሀረብ ጠቅልሎ እስኪመጣ።

ኔሊዳ የፊቱን ወንበር ለኔ ትታ፣ ከኋላ ገባች።
የእጅ ቦርሳዋን አቀበለችኝ፤ ሰቀልኩላት።
ፍሬቻዋ ከጎኗ ብድግ አለች፣ እንደ ተማሪ እጅ፤
ከኋላችን ክላክስ ጮኸ፤
እሷስ ተናግራ ነበር፣ የሚያነባት ጠፋ እንጂ።

ከከተማ ወጣ ብለን ታጠፍን። ቦርሳው ወደ ግራ አዘመመ።
«ድልድዩ» አለች ኔሊዳ።
ድልድይ የለም። ወንዙን በቧንቧ ቀብረውታል፣
ላዩ ላይ ሱፐርማርኬት፣ የመኪና ማቆሚያ።
ኤቫሪስቶ ግን ማርሽ ቀነሰ፣
ፍሬኑን ረገጥ አደረገ፣
ጠባብ ነውና ድልድዩ፣
ቀስ ብሎ ተሻገረ።