ሃያ ሁለት ደቂቃ

የታውኖ ወለል ነው፣ ጣሪያ ነው ለእኔ፤
አሥራ ስድስት ዓመት አደመጥኩት በጎኔ።
ቱርኩ ከተማ ነው፣ ከወንዙ ማዶ ላይ
(ስሙ «አውራ» ይባላል፤ ቀጭን ነው ሲታይ)፤
በታኅሣሥ፣ ገና በዘጠኝ ሰዓት ሲመሽ፣
ሰው ሁሉ በየቤቱ ከካልሲው ጋር ሲያመሽ፣
ከላይ ይመጣብኛል የእግሩ ኮቴ፤
ደረጃ ሳይወርድ ይገባል ከቤቴ።

አንድ ጊዜ ጠርቶኝ ሥርዓቱን አይቻለሁ፤
«ዝም በይ» ሲል በዓይኑ፣ በዓይኔ ሰምቻለሁ።
ማጉያውን አብርቶ፣ አምፖሉ እስኪግል፣
ሚስቱን ምጥ ይዟት በር ላይ እንደሚውል
ባል፣ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ ሸክላ መዞ፣
ጠርዙን በመዳፉ፣ ገጹን ሳይነካ ይዞ፣
አቧራውን ጠርጎ መርፌውን አነሳ፤
ሕፃን እንደሚከትብ አሳረፈው፣ እየሳሳ።
(ነርስ ነኝ፤ ሃያ ዓመት ስወጋ ኖሬያለሁ፤
ከእኔ እጅ የእሱ ይሻላል ብዬ ቀንቻለሁ።)

ሃያ ሁለት ደቂቃ። አንዱ ገጽ ያልቃል።
ጣሪያዬ ጭር ይላል። ወንበሩ ሲጢጥ ይላል፣
ጉልበቱ ይከተላል። በዚያች ጭርታ መሃል፣
ሸክላው እስኪገለበጥ፣
የሄልቪ ድምፅ ይጠይቃል፣ የእሱ ይመልሳል።
ቃሉን አልለየውም፤ ዜማውን ግን አውቃለሁ፤
እንቅልፍ ሲሸሸኝ በእሱ ተኝቻለሁ።

ልጃቸው ኪርሲ ናት፤ ለገና በዓል መጥታ፣
ሳሙና የምታህል ሣጥን ከመጠቅለያ ፈትታ፣
«በአንድ ጣት፣ አባዬ፣ የዓለም ዘፈን ሁሉ!»
«ሁሉማ ለማን ሆነ» ብሏት ነበር አሉ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ያሰሰው ሸክላ ነበር፣
ሪጋ የታተመ፣ ሦስት መቶ ብቻ በቁጥር፤
በየአሮጌ ዕቃ ተራው ጎንበስ ቀና ብሎ፣
ጣቱን አጥቁሮበት፣ ባዶ ከረጢት አንጠልጥሎ።
በአራት ሴኮንድ መጣለት።
ደረጃው ላይ አግኝቼው «አገኘሁት» አለኝ፤
ፊቱ ግን ዕቃ የጠፋው ሰው መሰለኝ።

ከዚያ ወዲያ የሰማሁት ጅማሬ ብቻ ነው።
ግማሽ ደቂቃ ቫዮሊን። ሩብ ደቂቃ መለከት።
የድግስ ወጥ ቀማሽ፣ ከድስት ወደ ድስት፣
ከንፈሩ እንጂ ሆዱ የማያውቀው።
ሌሊቱን ሙሉ አንዱ ዘፈን በሌላው ላይ ይፈስሳል፤
የሚያልቅ ገጽ የለም፣ የሚነሳ ጉልበት የለም።
ቀጥሎ የጆሮ ማዳመጫ ገዛ፤
ጣሪያዬ ድዳ ሆነ።
ሄልቪ ትጠይቃለች። ሄልቪ ደግማ ትጠይቃለች።
ጆሮ ዳባ ልበስ ይባል ነበር፤ ዳባው ይኸው፣
በቆዳ ተለብጦ፣ ሃያ ሰዓት የሚሠራ ባትሪ ያለው።

በመጋቢት ወደ እኛ ሆስፒታል መጣ፣ ጆሮውን ሊያስለካ።
«ሙዚቃው ከስቷል፤ ጥፋቱ የሣጥኑ ነው» አለ።
ወረቀቱን አየነው፦
ቀጫጭኑ ድምፅ ጥሎት ከሄደ ዓመታት አልፈዋል፤
በሸክላው ዘመንም፣ በዚያ በወፍራም የብር ገመድ፣
ከገንዘቡ ሲሶውን ለማይሰማው ከፍሏል።
ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሳቀ፣ እስኪያስለው ሳቀ።
ሄልቪ አልሳቀችም። ኮቱን እያለበሰችው፣
«የእኔ የጎደለኝ ሌላ ነው» አለች፤
«ሸክላው ሲገለበጥ ታናግረኝ ነበር።»

ወደ ሸክላው አልተመለሰም፤ ጉልበቱ አይችልም፤
አራት ሴኮንዱንም፣ እውነቱን ልናገር፣ አይጠላም።
ግን ሣጥኑ ውስጥ አለ፣ ለሚያንቀላፉ የተሠራ፣
ሰዓት ሲሞላ ድምፅ የሚያጠፋ አንዳች ሥራ፤
ሃያ ሁለት ላይ አድርጎታል።

ትናንት ማታ ተጋድሜያለሁ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ፤
አንድ ሴሎ ከላይ ሲጎተት፣ ሲወርድ፣ ሲዘልቅ፣
ግማሽ ሐረግ ላይ ቀጥ አለ።
ወንበሩ ሲጢጥ አላለም። ማንም አልተነሳ።
ከዚያ የእሷ ድምፅ። ከዚያ የእሱ፣ ትንሽ የሳሳ።
ቃሉን አልለየሁም፤
ስለ ድንች ይመስለኛል።