ኩሽኔታ

ሐሙስ ማታ ማታ፣ ከፈረቃ መልስ፣
ሽርጤን እጨምራለሁ፣ ዓሣ ዓሣ የሚል ልብስ።
አጀማመሩ ደህና ነው፤ ያላምጣል ቀስ ብሎ፣
ጥርስ የሌለው ሽማግሌ እንዳፈሱለት ቆሎ።
መጭመቅ ሲጀምር ግን
ይነሣበታል ጂን።
ይዘላል፣ ይራመዳል፣ ቱቦውን ይጎትታል፣
መደርደሪያው ላይ ያለውን ብርጭቆ ያስጨፍራል።
ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነኝ፤ መስኮቱ ሲርገበገብ
ሰው ይመስለው ይሆናል ማቶዚንዮስ የደረሰ መርከብ።

ከታች ሴኞር ኤርሚኒዮ መጥረጊያውን አንሥቶ
ጣሪያውን፣ የኔን ወለል፣ ይደልቃል ተቆጥቶ።
ስድስት ዓመት ሙሉ ስናወራ የኖርነው
እኔ በማሽኔ፣ እሱ በእንጨቱ ነው።

የማውቀውን ሞከርኩ።
በውሃ ልክ ለካሁ፤ ካርቶን አጥፌ ከእግሩ ሥር ሸጎጥኩ።
ማጣሪያውን ፈታሁ፤ ወለሉ ሙሉ ውሃ፦
አንድ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ሁለት ሳንቲም፣ ሽቦ፣
ደግሞ ያ የጆሮ ጌጥ፣ በጨርቅ ብናኝ ተሸብቦ፣
የእህቴን ልጅ ጠርጥሬ ዓመት ያኮረፍኩበት።
ለቤኔዲታ ልደውል ስልኩን አነሣሁት፤ መልሼ አስቀመጥኩት።
ጩኸቱ ያው ነው። እንዲያውም ባሰበት።

አንድ ሐሙስ በሩ ተንኳኳ። ኤርሚኒዮ ነው፤
መጥረጊያ አይደለም፣ ረጅም ካቻቢቴ ነው የያዘው።
ሠላሳ ዓመት በመርከብ ሆድ ሞተር ያስታመመ፣
ጆሮው ግማሽ የደነቆረ፣ ጉልበቱን የታመመ።
ሰላም እንኳ አላለኝም፤ «አስነሺው» አለ፣
የካቻቢቴውን ጫፍ ቆርቆሮው ላይ ተከለ፣
እጀታውን ከጆሮው ኋላ፣ አጥንቱ ላይ ደገፈ፣
ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ፤ ደቂቃ አለፈ።
«እግሩ አይደለም» አለኝ፣ «ቺንጋውም ደህና ነው።
ኩሽኔታው ነው ልጄ፤ ጎማው አልቆ ውሃ ገብቶ ዝጎ ነው።
ይሄን ሁሉ ዘመን አንቺን ስሰድብ ነበር፤
ይቅር በይኝ፤ ስድቡ የኩሽኔታው ነበር።»

ቅዳሜ በርሜሉን አወጣን ሁለት ሆነን፣
ዳዶና ቡሎኑን ጋዜጣ ላይ ደርድረን።
የዛገውን በመዶሻ ቀጥቅጦ አስለቀቀ፤
በጣቱ ቢያዞረው እንደ ቆየ ቂም ተፋቀ።
አዲሱ ዓሥራ አራት ዩሮ። የድካሙን አልተቀበለኝም፤
ከፋብሪካችን ሁለት ጣሳ ሰርዲን ግን እምቢ አላለኝም።

አሁን ሐሙስ ማታ
ሽርጤ ይዞራል፣ ውሃው ይወርዳል፣ ብርጭቆው አይነቃነቅ።
ከታችም ምንም።
ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ምን እንደምጠብቅ እንጃ።
በመጨረሻ አንድ እግር ጫማዬን አወለቅሁ፣
ከፍ አደረግሁና ወለሉ ላይ ለቀቅሁ።

ትንሽ ቆየ።
ከዚያ ከታች፣ አንዴ ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣
የመጥረጊያ እጀታ፦
ቋ።