የፍሬኑ አምፖል

አባቴ ሸምሰዲን ጡረታ ሲወጣ፣
ትልቁ ባቡር ቆሞ ፉጨቱ ሲታጣ፣
ከዚራ ቤታችን፣ ከኋለኛው ጓዳ፣
ትንሽ ባቡር ገባ፣ በሳንቃ ሜዳ።

ጣቢያው የሰርዲን ጣሳ፣ ድልድዩ የጃንጥላ ሽቦ፣
ተራራው ጆንያ ነው፣ በሙጫ ደርቆ የቆመ።
ሎኮሞቲቩ ግን የምር ነው፤ ከሆዱ ውስጥ
ጥፍር የምታክል ቦርድ አለች፣
ቁም ሲሏት የምትሰማ፣ ሂጂ ሲሏት የምትሄድ፣
በጂቡቲ በኩል፣ በሰው እጅ፣
በካልሲ ተጠቅልላ የመጣች።

"ይቺን ነው እንደ ዓይን ብሌን" ይላል፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ።
"ሐዲድ ሁለት ወንድማማች ነው፤
ጎን ለጎን ዕድሜ ልኩን ይሄዳል፤
የተቃቀፉ ለት ግን
መሀላቸው ያለው ሁሉ ይነዳል።"

አንድ ጎማ ሲስት፣ አንዲት ሚስማር ስትወድቅ፣
ይተቃቀፋሉ።
ስለዚህ በአንደኛው ገመድ መሀል አምፖል አስገባ፤
ከአሮጌ ፔጆ ታክሲ የነቀላት፣ ከነቀይ ክዳኗ፣
ዕድሜዋን በሙሉ ቁልቁለት ላይ
"ቆሜያለሁ፣ ተጠንቀቅ" ስትል የኖረች የፍሬን መብራት።
ባቡሩ ደህና ሲዞር ጨለማ ናት፤
እንግዳ ሁሉ "ተቃጥላለች" ይላታል።
ሐዲድ ከሐዲድ ሲነካካ ግን
መዓቱን ወደ ራሷ ስባ ትቀላለች፣
ቦርዷ እፎይ ትላለች።

ሌላው ጠላት ከውጭ ነው።
ደቻቱን ያየ ያውቀዋል፤
አሸዋው ደርቆ ልጆች ኳስ ሲጫወቱበት፣
ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት፣
ደንገጎ ላይ የዘነበው
ድንገት ግድግዳ ሆኖ ይመጣል።
መብራትም እንደዚያው።
ሦስት ሰዓት ሙሉ ላብ አስጠምቆን
ሰፈሩ "መጣ!" ብሎ ሲያጨበጭብ፣
አባቴ ብቻ ደንግጦ ሶኬት ይነቅላል፦
"መጣ ስትሉ እኮ ነው የሚያጠፋ፤
ጎርፍስ ሲመጣ እንጂ ሲሄድ ማን ተከፋ?"

ከመግቢያው ላይ ቫሪስተር አቆመ፣
ሰማያዊ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የመሰለች፤
በልኩ ሲመጣ ዝም የምትል፣
ከልኩ ሲያልፍ ተከፍታ ወደ ጎን የምታፈስ።
ከሐዲዱ ጫፍ ደግሞ ሬዚስተርና ካፓሲተር፣
የተረፈውን ንዝረት የሚውጡ ሁለት ዝምተኞች።

የእኅቴ ልጅ ሙርሰል ሐምሌ ላይ ከሐረር መጣ፤
ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፣ እጁ አያርፍም።
"የማይበራ አምፖል ምን ይሠራል?" አለኝ።
እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ስልኬ ላይ ነበርኩ፤
"እንጃ" አልኩት።
ነቀላት። ገመዱን ከገመድ ቋጠረ።
ባቡሩ ፈጠነ፤
አንድ ሳምንት ሙሉ ደስ አለን።

በስምንተኛው ቀን፣ መጋጠሚያው ላይ፣ አንድ ጎማ ሳተ።
ድምፅ አልነበረውም። ጭስ ብቻ፣
እንደ ክር የቀጠነ፣ የተለበለበ ፀጉር የሚሸት።
ካልሲ ለብሳ ድንበር የተሻገረችው
ሁለት ጣት በማይሞላ ሐዲድ ላይ አለቀች።

አባቴ አልተቆጣም።
ተረቱን እንኳ፣ ያንን "ሳይቃጠል በቅጠል" የሚሉትን፣
ከከንፈሩ ጫፍ መለሰው።
የልጁን እጅ ይዞ የብየዳውን ካውያ አስጨበጠው፤
አምፖሏን ከመሳቢያ አውጥቶ በሸሚዙ ጠረጋት፦
"ሲግናል ላይ ሳለሁ፣ ሠላሳ ዓመት፣
ስሜን የጠራው የለም፤
ሁለት ባቡር አልተጋጨማ።"

አሁን ሌላ ቦርድ እንጠብቃለን፤
የሚያመጣው ሰው ደወሌ ደርሷል አሉ።
ሙርሰል ግን ማታ ማታ፣ ባቡር በሌለበት፣
በካቻቢቴ ሁለቱን ሐዲድ ያገናኛል፣ ሆን ብሎ፤
አምፖሏ ቦግ ትላለች፣
ጓዳው ይቀላል፣ ፊቱ ይቀላል።
ካቻቢቴውን ያነሣል።
"ጨለመች" ይለኛል እየሳቀ፣
"ደህና ነን።"